የተላጨው ሜዳ

ያን ዕለት ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ አናት ትበሳ ነበር። ዝናብ ከጠፋ ሰባት ሳምንት ሆኖታል። የመጨረሻውን ማሊያ ገመድ ላይ ሳልሰቅል የመጀመሪያው ይደርቅ ነበር። እኔ የአንድ እግር ኳስ ክለብ ልብስ አጣቢ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ለአሥራ አንድ ዓመት የሜዳውን ሳር ሲንከባከብ ኖሯል። እኔንም ያስቀጠረኝ እሱ ነው።

ተጫዋቾቹ "አባ ለምለም" ይሉታል። ውሃ የሚያጠጣው በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው፤ ግን አፈሩ ስንዝር ያህል እስኪርስ ድረስ። "በየቀኑ ካርከፈከፍኩለት ሥሩ ይሰንፋል፣ ወደ ታች አይወርድም" ይላል። በሌላው ቀን የውሃ ጎማውን ጠቅልሎ ጥላ ሥር ሲቀመጥ ያየው ሁሉ ሥራ ፈት ይመስለዋል።

"አባ ለምለም፣ ዛሬም ሳሩን አስተኝተህ ነው?" አለው አጥቂው።

"እሱ ቢያንስ ሲረገጥ እንዳንተ ተንከባልሎ አያለቅስም!"

ገና እየሳቁ ሳለ ሥራ አስኪያጁ መጣ።

"እሁድ ትልልቅ እንግዶች አሉብን። ኳሷ እንድትፈጥን ሳሩን ምላጭ እንደነካው አድርገህ አሳጥረው።"

"ጌታዬ፣ በዚህ ድርቅ? ከቁመቱ ከሲሶው በላይ ከተቆረጠ ፀሐይዋ ሥሩን ትጨርሰዋለች።"

"አንተ እጨድ። ለሚመጣው ነገር እኔ አለሁ።"

ገመዱ አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ።

ወንድሜ የማሽኑን ምላጭ ዝቅ አድርጎ አጨደ። እሁድ ኳሷ ፈጠነች፣ እንግዶቹም አጨበጨቡ። በአሥረኛው ቀን ሜዳው እንደ አሮጌ ምንጣፍ ቡኒ ሆነ፤ ሳሩን በጣት ሲነኩት ከነሥሩ ይነሳል።

ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ "ይስተካከል አልኩት እንጂ ላጨው አላልኩትም" ብሎ ካደ።

"እህቴ እዚያው ነበረች፤ እሷ ትጠየቅ" አለ ወንድሜ።

ተጠርቼ ገባሁ። እጄ ላይ ሳሙና ነበር። ሥራ አስኪያጁ ትክ ብሎ አየኝ። ሦስት ልጆች ለብቻዬ እንደማሳድግ ያውቃል።

"ቧንቧው ተከፍቶ ይጮህ ስለነበር አልሰማሁም" አልኩ።

ያንኑ ዕለት አሰናበቱት። በሩ ላይ ሮጬ ደረስኩበት።

"ጋሼ..." አልኩት።

"ልጆቹ ደህና ናቸው?" አለኝና መልሴን ሳይጠብቅ ሄደ።

አሁን ሜዳው ላይ የፕላስቲክ ሳር ተነጥፏል። ሥራ አስኪያጁ ቦታው ላይ ነው፤ እኔም ማሊያ አጥባለሁ። ወንድሜ ከገበያው ጀርባ፣ አንድም ሳር የማይታይበት የአስፋልት ግቢ ውስጥ የቆሙ መኪኖች ይጠብቃል። ቤቴ መምጣት ትቷል።