አሥራ አንድ ገጽ የድረ ገጽ ስም

ፍኖተ ሰላም ስመደብ ከኮሌጅ ከወጣሁ ገና ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ «የአይሲቲ ባለሙያ» ተብዬ ተቀጠርኩ። ባለሙያ የምትለዋን ቃል አለቅጥ እወዳት ነበር። ኮምፒውተር ሲቆም አጥፍቼ አበራለሁ፣ ሲነሳ ሰው ያመሰግነኛል። ከዚያ ያለፈ ብዙም አላውቅም ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

የቢሮው ጸሐፊ እናቴን በዕድሜ የሚያክሉ የቡሬ ሴት ነበሩ። «እትዬ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ «ወንድምዓለም» ይሉኛል። ታይፕራይተር ላይ ያረጁ ጣቶቻቸውን ኮምፒውተር ያስለመዱት በራሳቸው ትጋት ነው። ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ የሚይዙትም እሳቸው ነበሩ፤ የእጅ ጽሑፋቸው እንደ ማተሚያ ቤት ሥራ ንጹሕ ነው።

ኢንተርኔታችን በጣም ቀርፋፋ ነበር። አንድ ገጽ እስኪከፈት ስንጠብቅ ቀድሞ ከተፍ የሚለው ማስታወቂያው ነው። ባሕር ዳር ያለ ጓደኛዬ የማስታወቂያ ድረ ገጾችን ስም የያዘ ረጅም ዝርዝር በፍላሽ ሰጠኝ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ውስጥ የአድራሻ ስሞች የሚጻፉበት አንድ ፋይል አለ። ዝርዝሩን እዚያ ውስጥ ገለበጥኩት። ትርጉሙ «እነዚህን ስሞች የጠየቀህን ሁሉ ወደ ውጭ አታውጣው፣ እዚሁ ወደ ራስህ መልሰው» እንደማለት ነው። በአንድ ከሰዓት የቢሮውን ኮምፒውተሮች በሙሉ፣ የራሴንም ጨምሬ፣ አዳረስኩ። ማስታወቂያው ጠፋ። ኃላፊው ሰው ፊት አመሰገኑኝና ለሳምንት ያህል ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የግምገማ ሰሞን መጣ። በዚያ ዘመን መንግሥት ቤት የሠራ ሁሉ ግምገማን ያውቀዋል። ሂስ ሳይሰነዝር ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አድርባይ ይባላል። እኔም አዲስ ስለሆንኩ የማቀርበው ሂስ ቸገረኝ። እውነቱን ለመናገር በማንም ላይ ቅሬታ አልነበረኝም፤ ግን ባዶ እጄን መግባት ፈራሁ።

ያን ሰሞን ደግሞ አንዲት ትእዛዝ ተምሬ ነበር። ኮምፒውተር ድረ ገጽን በስም ሳይሆን በቁጥር ነው የሚያገኘው። የአንድን ድረ ገጽ ስም ስንጽፍለት ቁጥሩን ከሌላ ቦታ ጠይቆ ያመጣና፣ ሁለተኛ እንዳይጠይቅ ለጥቂት ጊዜ በማስታወሻው ይይዘዋል። ዲኤንኤስ ካሽ የሚሉት ይህን ማስታወሻ ነው። ትእዛዟ ማስታወሻውን ዘርግፋ ታሳያለች። እትዬ ለምሳ ሲወጡ ኮምፒውተራቸው ላይ ጻፍኳት። ስሞቹ መውረድ ጀመሩና አላቆም አሉ፤ የቁማር ቤት ስም፣ የራቁት ሴቶች ድረ ገጽ፣ ለመጥራት የሚያሳፍር ሁሉ። ደነገጥኩ። ከድንጋጤው ሥር ግን ደስታም ነበር፤ ሂስ አገኘሁ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሬ ላወዳድር የሚል ሐሳብ እንኳ አልመጣልኝም።

ማተሚያው ያለው እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው። የወረዱትን ስሞች በፍላሽ ገልብጬ ወደ ክፍሌ ወሰድኩና ከዚያ ሆኜ እንዲታተም አዘዝኩ። ከምሳ የተመለሱት እትዬ ገጾቹን እየለቀሙ በቅደም ተከተል ደረደሯቸው፣ በስቴፕለር መቷቸው፣ ይዘውልኝም መጡ። አሥራ አንድ ገጽ ነበር። «ወንድምዓለም፣ ወረቀትህ ወጥቶልሃል» አሉና ሰጡኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ» ብዬ ተቀበልኩ።

በግምገማው ዕለት ተነሥቼ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። የመንግሥት ንብረት ለብልግና እየዋለ ነው አልኩ፤ የማን ኮምፒውተር እንደሆነም ተናገርኩ። እትዬ ከጥግ ሆነው ቃለ ጉባኤ እየያዙ ነበር። የተናገርኩትን እየጻፉ ሳለ ስለራሳቸው መሆኑ የገባቸው ዘግይቶ ይመስለኛል፤ እስክሪብቷቸው ቆመች። ቀና አሉና፣

«ያንተው ኮምፒውተር ላይስ ይኸ ዝርዝር የለም?» አሉኝ።

ቀላል ጥያቄ ነበረች። ባለሙያው እኔ ሆኜ ሳለ፣ ባለሙያ የሚጠይቀውን የጠየቁት እሳቸው ነበሩ። እኔ ግን ፈገግ ብዬ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ቴክኒካል ጉዳይ ነው» አልኩ። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እትዬ አንገታቸውን ደፍተው ይህን መልሴንም ጻፉት። ኮምፒውተሩን አስረክበው መዝገብ ቤት እንዲዛወሩ ተወሰነ፤ ውሳኔውንም በእጃቸው ጻፉት።

ፍኖተ ሰላም ትንሽ ከተማ ናት። ወሬው ከቢሮ ወጥቶ ቡሬ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። የንስሐ አባታቸው ሳይቀሩ «ልጄ፣ ይኸ የሚወራው ምንድን ነው?» ብለው እንደጠየቋቸው ሰማሁ። ቢሆንም ያኔ ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዝናብ ጥሎ መስመሩ ተቋረጠ። የኔትወርኩን ገመድ ከራሴ ኮምፒውተር ነቅዬ ስመረምር ቆየሁና፣ ሥራ ስፈታ ያችን ትእዛዝ ጻፍኳት። እነዚያው ስሞች ወረዱ። ቁማሩም፣ ራቁቱም፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ማስታወሻውን የሚያጠፋውን ትእዛዝ ሰጠሁ፤ «ጠፍቷል» አለኝ። መልሼ አየሁ፤ ሁሉም ተመልሰው ቁጭ ብለዋል። ገመዱ እጄ ላይ ነው፤ ከውጭ ሊመጡ አይችሉም። ያን ጊዜ ገባኝ። ኮምፒውተሩ እኔ በፍላሽ አምጥቼ ሳላነበው የገለበጥኩትን፣ የቁማርና የራቁት ማስታወቂያ የሚረጩ ድረ ገጾች ጭምር ያሉበትን የክልከላ ዝርዝር አንብቦ ማስታወሻው ውስጥ እየጫነው ኖሯል። ስሞቹ እትዬ ኮምፒውተር ላይ የተገኙት ሰው ስለከፈታቸው ሳይሆን እኔ ስለከለከልኳቸው ነው። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ማንም ባያየኝም ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

ሄጄ መናገር ነበረብኝ። ያደረግሁት ግን ዝርዝሩን ከሁሉም ኮምፒውተር ማጥፋት ነው። ማስታወቂያው ተመልሶ ሰው ሲያማርር «አዲስ ቨርዥን ነው» እል ነበር። ብዙ ጊዜ መዝገብ ቤቱ በር ድረስ ሄጃለሁ። እትዬ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው አቧራ ያራግፋሉ። «ፋይል ፈልገህ ነው ወንድምዓለም?» ይሉኛል። «አዎ» እልና ከአፌ የመጣልኝን ቁጥር እጠራለሁ። የሌለ ፋይል ሲፈልጉልኝ ቆሜ አይ ነበር።

በሚቀጥለው ግምገማ ግለ ሂስ ተራዬ ደርሶ ተነሣሁ። እትዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። «የሰዓት አከባበር ችግር አለብኝ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ጡረታ ወጥተው ቡሬ ከገቡ በኋላ አንድ ቅዳሜ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የገመዱንም ጭምር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እኔማ ያን ቀን ጠይቄህ ነበር እኮን» አሉ። «እንዳልከፈትሁት እኔ አውቃለሁ፤ ለኔ ምን ልትነግረኝ መጣህ? የማያውቁት እነዚያ ናቸው። ለእነሱ ንገራቸው።» ከዚያ ግባና እህል ቅመስ አሉኝ። እምቢ ብዬ ሚኒባስ ያዝኩ።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ነበረን። አጀንዳው ሲያልቅ ኃላፊው የቀረ ሐሳብ ያለው ሰው እንዳለ ጠየቁ። እጄን አወጣሁ፤ ዕድሉ ተሰጠኝ። ተነሣሁና ስለ ኢንተርኔቱ መንቀራፈፍ ተናግሬ ተቀመጥኩ።