ከእርጥብ ሳር ያመለጠ ሰው

ከመንደሬ ከላንቴ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው። ቪዛ አጥቼ እንዳይመስላችሁ፤ ከነማኅተሙ ኪሴ ውስጥ ነበር። የሸሸሁት ሽማግሌዎችን ነው። አጎቴ አንጁሎ ሊነጋ ሲል ከአራት ሽማግሌዎች ጋር ደጃፌ ላይ እንደሚንበረከክ እህቴ ሹክ ብላኝ ነበር። የጋሞ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ለሌላው ልንገር። ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ ቂምህ አለቀ። ያንን ሳር አልፎ የሚሄድ ሰው ገና አልተወለደም። እኔ ደግሞ ቂሜን ገና አልጠገብኩትም ነበር።

ቂሜ ስም አለው፤ ዶክተር መርክነህ ይባላል። አሥራ ስምንት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ አስተምሬ፣ በአርባ አራት ዓመቴ አርባ ምንጭ ኮሌጅ ስቀጠር የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እሱ ነበር። በአራተኛው ወር ስለ ሙዝ በሽታ የጻፍኩትን የጥናት ሐሳብ ለመምህራኑ አቀረብኩ። ስጨርስ መነጽሩን አወለቀና፣ «ታምሩ፣ ይኼን ኩልፎ ወንዝ ዳር ላሉት ሙዝ ጫኞች አንብብላቸው። የምሁር ወንበር ላንተ አይሆንም» አለ። ሳቁ። የሳቁት ስድስት ናቸው፤ እኔ ግን የጫሞ ሐይቅ አዞ በሙሉ ጥርሱን ያሳየኝ ነው የመሰለኝ። የከፋው ደግሞ እኔም ሦስት ወር ሙሉ በልቤ «እዚህ ምን ልሠራ ገባሁ?» እያልኩ ነበር። የደበቅከውን ጥያቄ በሰው ፊት የመለሰልህን ሰው ይቅር ማለት ከባድ ነው።

ስለዚህ ከእሱ የበለጠ ዶክተር ሆኜ ልመለስበት ብዬ፣ የትምህርት ዕድል ለምኜ ፊንላንድ ገባሁ።

ይህን ብርድ የላንቴ ሰው ቢያውቀው፣ ፀሐይ እንዳታኮርፍ ሽማግሌ ይልክባት ነበር። ሙዙ ግንባሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ይሸጣል፤ ጣዕሙም የወረቀቱ ነው። አንድ ቀን ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ፈጭቼ ዳጣ ሳዘጋጅ አከራዬ በሩን ደበደበ።

«ምን እየሠራህ ነው? ዓይኔ አለቀሰ!»

«ምግብ ነው።»

«ውሉ የሚፈቅደው ምግብ ማብሰል ነው። ይሄ ግን በውሉ የለም።»

መርክነህ ትዝ ባለኝ ቁጥር አንድ ቃሪያ እጨምር ስለነበር፣ እውነትም በዛ ብሎ ነበር።

በሁለተኛው ወር ለአዲስ ተማሪዎች የሚሰጥ ቅጽ ደረሰኝ። «የመጣህበት ዓላማ ምንድን ነው? ቦታው ይስማማሃል?» ይላል። ውሸት አልወድም፤ «ዶክተር መርክነህን አንገት ለማስደፋት» ብዬ ሞላሁት። በማግስቱ የተማሪዎች አማካሪዋ አስጠራችኝ። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የመርክነህን ስም በጣቷ ነካች።

«ይህ ሰው እዚህ አለ?»

«የለም። አርባ ምንጭ ነው፤ ሐይቁን እያየ ዓሣ ይበላል።»

«ታዲያ ተበቃዩ አንተ ሆነህ፣ ለምን የሚበርድህም አንተ ሆንክ?»

የኮቴን ቁልፍ እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«እሱ ባይኖር ነገ ጠዋት ላቦራቶሪ ትመጣለህ?»

ሳምንት ሙሉ ይህች ጥያቄ ከብርዱ በላይ አንቀጠቀጠችኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ ስጎነበስ የማየው የሙዝ ቅጠል ነው ወይስ የመርክነህ ፊት ሲጠቁር? እርቅ ከወረደ ነገ ለምን እነሣለሁ?

እሁድ፣ ከቸርች እንደወጣ፣ አጎቴ በቪዲዮ ደወለ። የክት ኮቱን ለብሶ ሙዙ መሐል ተንበርክኳል። አጠገቡ መርክነህ! ከስክሪኑ ጥግ አረንጓዴ ነገር ብቅ ሲል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁት።

«አጎቴ፣ አይታየኝም! ኔትወርክ ነው!»

ፊንላንድ ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ታምሩ» አለ መርክነህ ከተደፋው ስልክ ሥር። «ጥናትህን ፈልጌ ደግሜ አነበብኩት። የአባቴ ሙዝ ልክ አንተ እንዳልከው እየደረቀ ነው። በድዬሃለሁ።»

ስንት ሌሊት የጠበቅኩት ቃል! ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን እስክስታ ልወርድ ምንም አልቀረኝ። ግን ደስታው እንደዚህ አገር ሙዝ ነው፤ ገና ስትጎርሰው ያልቃል።

«አሁንስ ይታይሃል፣ ልጄ?» አለ አጎቴ።

«ገና ነው።»

«ግድ የለም። ኔትወርኩ እስኪመለስ እንደተንበረከክን እንጠብቃለን።»

ጉልበቱን እንደሚያመው አውቃለሁ። ሳሩ ይደርቃል እንጂ እሱ አይነሣም። እጄን ስልኩ ላይ አደረግኩ፤ አላነሣሁትም።

«መርክነህ» አልኩ፣ «ዶክተር» የሚለውን ሆን ብዬ ትቼ። «የአባትህ ሙዝ ቢጫ መሆን የጀመረው ከላይኛው ቅጠል ነው ወይስ ከታችኛው?»