ሌንጂሳ የደበቀው ልክ

ሌንጂሳ የባምባሲ ሰው ነው። አሶሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ሆኖ አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር የሁሉም ሰው አፍ ላይ የሚመጣው «ሌንጂሳን ጥሩት» ነበር። እሱ ራሱ እንዳጫወተኝ፣ ይህን ቃል ከመውደዱ የተነሣ አንዳንዴ ሁለተኛ እስኪጠሩት ድረስ ያልሰማ ይመስል ነበር።

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ ሕንፃ ሊዛወር ሆነ። ኮርኒሱ ገና ሳይሠራ ሌንጂሳ ሜትር ይዞ ክፍል በክፍል እየዞረ ለካ። ገመዱን የመዘርጋት ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጣል ብሎ አላሰበም። ኃላፊዋ ወይዘሮ ሸዋነሽ ግን ለሁለት ከፈሉት።

«ምድሩን አንተ፣ ፎቁን ሙዳሲር።»

ሙዳሲር በማንኩሽ በኩል ግድቡ ላይ ሦስት ዓመት ገመድ ሲዘረጋ ቆይቶ የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው የበርታ ሰው ነው። ከተቀጠረ አምስት ወሩ ነበር።

ሌንጂሳ ሥራውን የጀመረው እልህ ይዞት ነው። ቶሎ ለመጨረስ ሲል የኔትወርኩን ገመድ የመብራቱ ሽቦ በሚያልፍበት ትራንኪንግ በሚባል የፕላስቲክ ቦይ ውስጥ አብሮ ከተተው። የትኛው ገመድ የየትኛው ክፍል እንደሆነም አልጻፈም፤ «እኔ አውቀዋለሁ» አለ። በአራት ቀን ጨረሰ።

ሙዳሲር በአራተኛው ቀን ገና ግማሽ ላይ ነበር። ለኔትወርኩ ከመብራቱ የራቀ የራሱን መንገድ አበጀለት። ማዕዘን ላይ ገመዱን አያጥፈውም፣ ሰፋ አድርጎ ያዞረዋል። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ቁጥር ይለጥፋል። ሶኬት ላይ ሲያስር እርስ በርስ የተጠማዘዙትን ቀጫጭን ሽቦዎች የሚፈታው የጥፍር ያህል ብቻ ነው።

«ሙሽራ ነው እንዴ የሚያስጌጠው?» አለ ሌንጂሳ። ማንም አልሳቀለትም። ወይዘሮ ሸዋነሽ እንግዳ በመጣ ቁጥር ፎቅ ያወጡታል። አንድ ቀን ሌንጂሳንም ጠሩት።

«ናማ እየው፤ እንዲህ ነው ሥራ!»

አየው። እውነትም ያምራል። ያንን ቀን ምሳ አልበላም። የሙዳሲር ፉጨት እንኳ ያናድደው ጀመር። ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ ሰንበቴ «ምን ሆንክ?» ብትለው «ጨጓራዬን» አላት።

በማግስቱ ሙዳሲር ወደ ምድር ቤት ወረደና ጠየቀው። «ጋሼ ሌንጂሳ፣ የኔትወርኩ ዋና ማሽን ካለበት ክፍል እስከ መጨረሻዎቹ ቢሮዎች ስንት ሜትር ይሆናል? መቶ ካለፈ አይሠራልኝም። አንተ ለክተኸዋል አሉኝ።»

ገመዱ ፎቁ ላይ ያለውን አዳራሽ ዞሮ ሲሄድ መቶ ሃያ ሰባት ሜትር ነው። ሌንጂሳ ቁጥሩን እንደ ስሙ ያውቀዋል።

«ሰማንያ ቢሆን ነው» አለው።

«አንተ ካልክ አለቀ።»

ሙዳሲር አሥራ ሁለት ገመድ ሳበ። ኮርኒሱ ተዘጋ።

የሙከራው ቀን ከመጨረሻዎቹ አራት ቢሮዎች ጩኸት ተነሣ። ኮምፒውተሮቹ ይገናኛሉ፣ ወዲያው ይቋረጣሉ። ወይዘሮ ሸዋነሽ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ሙዳሲርን አፋጠጡት።

«ሳትለካ ነው የሳብከው?»

ሙዳሲር ሌንጂሳን አንድ ጊዜ አየት አደረገው። ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ዞረ። «አዎ፣ አልለካሁም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሌንጂሳ ደስ ይለኛል ብሎ ነበር። ነገር ግን በዚህም ቀናበት። «ሰው ፊት እየተዋረደ እንኳ ከእኔ ከፍ ብሎ ታየኝ» ብሎኛል።

ብዙም ሳይቆይ ከምድር ቤት ሌንጂሳን ይጠሩት ጀመር። ትልቁ የፎቶ ኮፒ ማሽን በተነሣ ቁጥር አብሮ የተከተተው የመብራት ሽቦ የኔትወርኩን ገመድ ስለሚረብሸው የዚያ መሥመር ኮምፒውተሮች መረጃ ማስተላለፍ ያቅታቸዋል። ሌንጂሳ ሶኬቶቹን ከፈተ፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየጎተተ የትኛው እንደሚንቀሳቀስ ለማየት ከክፍል ክፍል ሮጠ። አንድም ቁጥር የለም። ሁሉም ሰማያዊ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ያውቀዋል ብሎ የነበረው ከጭንቅላቱ ጠፋ።

ሙዳሲር የገመድ መሞከሪያውን ይዞ መጣ። «ላግዝህ?»

ሌንጂሳ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። «መቶ ሃያ ሰባት መሆኑን አውቅ ነበር» አለው።

«አውቄያለሁ። የሕንፃው ጥበቃ ጂራታ ነገረኝ፤ ስትለካ ሜትሩን የያዘልህ እሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ብናገር ገመዱ አያጥርም።» ሙዳሲር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን በጣም ተናድጃለሁ፣ ወላሂ። ሁለተኛ አልጠይቅህም። ራሴ እለካለሁ።»

ሌንጂሳ ተነሥቶ በቀጥታ ወይዘሮ ሸዋነሽ ዘንድ ገባና የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ከዚያ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ሰነበቱ። ፎቁ ላይ አዳራሹ ጎን ባለች ጠባብ ዕቃ ቤት ስዊች የሚባለውን የኔትወርክ ማገናኛ ተከሉና ረጅሙን መንገድ ለሁለት ከፈሉት፤ ቦታዋን ያመለከተው ሌንጂሳ ነው። ምድር ቤቱን ግን እንደ አዲስ ሠሩት፤ ከመብራቱ ለዩት፣ እያንዳንዱን ጫፍ ቁጥር ለጠፉበት፣ ኮርኒሱ ሳይዘጋ እያንዳንዱን ገመድ ሞከሩ። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ሙዳሲር ከሥራ ወሬ በቀር ሌላ አላወራውም።

ከሁለት ወር በኋላ ባምባሲ ላለው ቅርንጫፍ ገመድ የሚዘረጋ ቡድን ተመደበ። ደብዳቤው ላይ አስተባባሪ ሙዳሲር፣ አባል ሌንጂሳ ይላል። በትውልድ ከተማው፣ በሚያውቁት ሰዎች ፊት፣ በአባልነት!

«አንተ እንድትመደብ የጠየቀው ሙዳሲር ራሱ ነው» አሉት ወይዘሮ ሸዋነሽ።

«ቅናቱ ለቀቀህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«የለም» አለኝ። «ደብዳቤውን ሳየው እንደገና ቀናሁ። ግን ሄድኩ። ሙዳሲር በር ላይ ቆሞ የሜትሩን አንድ ጫፍ ሰጠኝ፣ እሱ ሌላውን ይዞ ወደ ውስጥ ሄደ። ስንት ነው ሲለኝ፣ ያየሁትን ነገርኩት።»