መስቀል የተደረገባቸው ሰባት ስሞች

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ጎንደር ከማራኪ ወደ መሀል ከተማ በእግሬ ስወርድ፣ አንድ አጥር ሥር ወጣቶች ተሰብስበው እርጥብ የወይራ ዘንግ እሳት ላይ እያሞቁ ለገና ጨዋታ ጫፉን ሲያጎብጡ አየሁ። የተለበለበው ልጥ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ እግሬ ቆመ። ከልጆቹ አንዱ ቀና ብሎ፣ «አባባ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለኝ። የለም ብዬው መንገዴን ቀጠልሁ። ዋሽቼዋለሁ። ለአንተ ግን እውነቱን ላጫውትህ።

ጠላት ከአገር ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ጠዋት ጠዋት መንግሥት ትምህርት ቤት እማራለሁ፤ ከዚያ ስመለስ ከአባቴ ዘንድ ዜማ እቀጽላለሁ። አባቴ የሰፈራችን ደብር የዜማ መምህር ነበሩ። ሰው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ዝናብ ባባራ ማግሥት፣ ገና ጭጋጉ ሳይነሣ ሲዘምሩ ድምፃቸው ወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። ያ ድምፅ እንጀራችን ነው። ክብራችንም እሱ ነው።

ለትምህርት ቤታችን አዲስ የስፖርት መምህር የመጣው በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ቡናማ ኮት የማይለየው ሰው ነበር። አገሩ ከወዴት እንደሆነ በውል የሚያውቅ የለም፤ አንዱ ሸዋ ነው ይላል፣ ሌላው ሐረርጌ ነው ይላል። በመጀመሪያው ቀን እኛን ተማሪዎቹን፣ «አንተ በሉኝ» አለን። ማታ ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ዳዊታቸውን አጥፈው ትንሽ አሰቡና፣ «ምነው? ምን ሊያገኝ ብሎ ነው?» አሉ። የሁሉ ነገር መጀመሪያ ይህች ጥያቄ ሳትሆን አትቀርም።

መምህሩ አንድ ሐሳብ ነበረው። ጨዋታ የልጅ ብቻ፣ ያውም የገና ዕለት ብቻ እንዳይሆን ይፈልጋል። ጎልማሳውም ሽማግሌውም በየሳምንቱ ወጥቶ እንደ አቅሙ እንዲጫወት፣ እስኪያረጅም እንዳይተው። ለዚህም ደብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን መስክ ይፍቀድ፣ ትምህርት ቤቱ ኳስ ይስጥ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሰው ይጥሩ አለ። ይህን ሲያስረዳ እኔ ከአባቴ ኋላ ቆሜ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ደግሞ ለሽማግሌ ምን ጨዋታ ያስፈልገዋል?» አለ የሰፈሩ አጥቢያ ዳኛ። ሆዱ የገፋ፣ ሳቅ የሚወድ ሰው ነበር።

መምህሩ ወደሱ ዞሮ፣ «አያ ዳኛ፣ ባለፈው ገና ከተጫወቱ በኋላ ስንት ቀን ተኙ?» አለው።

«አራት ቀን» አለ ዳኛው ሳያስበው።

«በየሳምንቱ ቢጫወቱ ኖሮ በማግሥቱ ገበያ ይወርዱ ነበር።»

ሁሉም ሳቁ። ዳኛው ራሱ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ሸጋ ነው፣ ይሞከር» አለ። አባቴም ሳይስቁ በደብሩ ስም መስኩን ፈቀዱ።

የመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። የጥቅምት ፀሐይ፣ ያልታጨደ ሣር ሽታ፣ የገናዋ ኳስ፣ ሩሯ፣ ከዱላ ጋር ስትጋጭ የምታሰማው ደረቅ ድምፅ። አናጢው፣ ሸማኔው፣ ሁለት ቄሶች፣ እኛ ተማሪዎቹ፤ ዳኛው ደግሞ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሥሮ እየጮኸ። እኔ ከሁሉም ፈጣን ነበርሁ፤ ይህንም አውቀዋለሁ። መምህሩ ሊጫወት ሲገባ ኮቱን አውልቆ፣ «ያዝልኝ» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜም የሚሰጠው ለእኔ ሆነ። ተራዬ ደርሶ እኔ ስገባ ይቀበለኛል፤ ስወጣ መልሶ ይሰጠኛል።

ኮቱ ኪስ ውስጥ ደብተር ነበር። መምህሩ ከጨዋታ ሲወጣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ይቀመጥና ይጽፋል። ስም ይጠይቃል። ዕድሜ ይጠይቃል። ሰው ሽቅብ ሲወጣ፣ ሲቀመጥና ሲነሣ በዓይኑ ይከተለዋል። አንድ ቀን መስኩን በገመድ ለካው። የግቡን ቦታ ለማበጀት ነው አለ። እንግዲህ በእኛ አገር መሬት በገመድ የሚለካ ሰው ርስት ሊነጥቅ ነው ተብሎ እንደሚጠረጠር አንተም አታጣውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸማኔው ቀረ። ቀጥሎ ቄሶቹ ቀሩ። የቀረነውም እየተጫወትን ወደ አጥሩ ጥግ ሰርቀን ማየት ጀመርን።

ሰዉ ክፉ ሆኖ እንዳይመስልህ። በጠላት ጊዜ ዱቄት ሊታደል ነው ተብሎ በሰፈራችን የሰው ስም ተጻፈ። አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ፣ ተሰልፎ ስሙን አስጻፈ። በሳምንቱ የተጻፉት ተጠርተው ማኪና ላይ ተጫኑ። አጎቴ አልተመለሰም። አባቴ ከዚያ በኋላ ስማቸውን በወረቀት ላይ ማየት አይወዱም ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴና ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጠው አስጠሩኝ።

«ኮቱን የሚሰጠው ለአንተ ነው አሉ» አሉ አባቴ።

«አዎን፣ አባባ።»

«ደብተሩስ?»

«ኪሱ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያ አንብበህ ትነግረናለህ።»

አይሆንም አላልሁም። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር። ከዚህ ሁሉ ሰው መርጦ ኮቱን ለእኔ የሚሰጥ ምን አይቶብኝ ነው? የየኔታ ልጅ ስለሆንሁ ነው? በእኔ በኩል ወደ አባቴ ሊገባ ነው? መልካምነቱን ሁሉ እየገለበጥሁ ከሥሩ አንዳች ነገር እፈልግ ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መምህሩ ሲጫወት ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ኋላ ዞርሁና ደብተሩን አወጣሁት። ኮቱ የሳሙናና የጠመኔ ሽታ ነበረው። ከመስኩ የዳኛው ጩኸት ይሰማኛል። ስሞቹ በመደዳ ተጽፈዋል፣ ከነዕድሜያቸው። ከሰባቱ ስሞች አጠገብ ትንሽ የቀይ ቀለም መስቀል አለ። አንደኛው የአባቴ ስም ነው። አባቴ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ዱላ ይዘው አያውቁም፤ ቆመው ያያሉ እንጂ። የእግር ኮቴ የሰማሁ ስለመሰለኝ ቶሎ ዘግቼ መለስሁት። ቀጣዩን ገጽ አልገለጥሁም።

ያየሁትን ለሽማግሌዎቹ ተናገርሁ። ዳኛው የራሱም ስም ከሰባቱ አንዱ መሆኑን ሲሰማ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ተመርጠናል ማለት ነው» አለ። ለምን እንደተመረጡ የጠየቀ የለም። በሦስተኛው ቀን መስኩ ዙሪያውን በእሾህ ታጠረ። ሽማግሌዎቹም ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደው፣ «ይህ ሰው ይነሣልን» አሉ። የትምህርት ቤቱ ሹም ከደብሩ ጋር መጣላት አልፈለገም። መምህሩ ወደ አይከል ትምህርት ቤት ተዛወረ።

የሄደ ዕለት ማኪናው ዘንድ ልንሸኘው ወጣን፤ አራት ብቻ ነበርን። ሌሎቹን ጨብጦ እኔ ዘንድ ሲደርስ እጄን ያዝ አድርጎ ቆየ። «ኮቴን ጠብቀህልኛል። እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ፊቱ ላይ ቁጣም ፈገግታም አልነበረም። ማኪናው አቧራውን አልብሶን ሄደ።

ደብተሩን ማንበቤን አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ? ይህች ነገር እንቅልፍ ነሣችኝ። ጾሙን ሙሉ አብራኝ ከረመች። ዜማ ስቀጽል እስታለሁ፤ አባቴ ይቆጣሉ። በመጨረሻ ለትንሣኤ ዕረፍት ዘመድ ልጠይቅ ብዬ እህል በጫነ ማኪና ላይ ተሳፍሬ አይከል ሄድሁ።

ያገኘሁት ከትምህርት ቤቱ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተተረተረ ኳስ በወስፌ ሲሰፋ ነው። ሲያየኝ ተነሣ። ውኃ አስመጣልኝ። ስለ አባቴ ጤና ጠየቀኝ፣ ስለ ዳኛው ጠየቀኝ። ብርጭቆውን ሳላስቀምጥ፣ «ደብተርህን ያነበብሁት እኔ ነኝ» አልሁት።

«አውቃለሁ» አለ። «ዘወትር ጫፏን እማጥፋት ገጽ ነበረች። ጫፏ ተዘርግቶ አገኘኋት።»

ገብቶ ደብተሩን አመጣና ያልገለጥሁትን ገጽ ገልጦ፣ «አንብብ» አለኝ። አነበብሁ። ከላይ፣ «መስቀል የተደረገባቸው መሮጥ የለባቸውም» ይላል። ዝቅ ብሎ ስለ እያንዳንዳቸው ተጽፏል። የዳኛው ጉልበት። የአናጢው ወገብ። ከዚያም፣ «የኔታ፤ ሽቅብ ሲወጡ ሁለቴ ይቆማሉ። ሲዘምሩ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ሰው እንዳያውቅባቸው በሳል ይሸፍኑታል። ፈቃዳቸው ከሆነ መስኩን ቀስ ብለው ይዙሩ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መጨመር።»

እኔ የሳቸው ልጅ ነኝ። በየቀኑ ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ የምማር ነኝ። ሳሉን ጉንፋን ነው ብዬ ነበር።

«ምነው ብትጠይቀኝ ኖሮ?» አለኝ መምህሩ። ይህን ያለው በወቀሳ አልነበረም፤ የምሩን ሊያውቅ ፈልጎ ነው። ወስፌውን አንሥቶ ስፌቱን ቀጠለ።

ጎንደር ስመለስ አባቴን ብቻቸውን አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለ መስቀሉ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ትንፋሻቸው ስነግራቸው ግን እጃቸው ደረታቸው ላይ ሄደ።

«ሳሉንም አይቷል?» አሉ።

«አይቷል፣ አባባ።»

«ለእናትህ እንኳ አልነገርኋትም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ትንፋሹ ያጠረ የዜማ መምህር ወንበሩን ለሌላ እንደሚለቅ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔም ለማንም አልተናገርሁም፤ ይኸው ዛሬ ለአንተ መናገሬ ነው።

ስለ ዳኛው ጉልበትና ስለ አናጢው ወገብ ለሽማግሌዎቹ ነግረው እሾሁን ያነሡት አባቴ ራሳቸው ናቸው፤ ከዳኛው ጋር። ሽማግሌዎቹ መምህሩን ይመልሱልን ብለው ትምህርት ቤት ሄዱ። ግን ከአይከልም ተነሥቶ ወደ ሳንጃ ቆላ ወርዷል ተባለ። ደብዳቤ ጻፍሁ። ሁለተኛም ጻፍሁ። መልስ አልመጣም፤ ይድረሰው አይድረሰው እስካሁን አላውቅም። ጨዋታው እንደ በፊቱ ባይሞቅም ቀጠለ። ሸማኔው ተመለሰ፣ ቄሶቹ ተመለሱ፤ ዳኛው ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ ግብ ይጠብቅ ነበር። ስም የሚጽፍ ግን አልነበረም፤ አንድ ሰው ሲቀር ለምን ቀረ ብሎ የሚጠይቅም እንደዚያው።

አባቴ በየቀኑ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ እኔን አስከትለው መስኩን ይዞሩ ጀመር። መጀመሪያ ግማሹን ነበር። ቆይቶ ሙሉውን። በኋላ ሁለት ዙር ሆነ። ይህን ለብዙ ዓመታት አደረግን፤ እኔ አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ እንኳ ማታ ማታ እመጣ ነበር። አንዳንዴ መሀል ላይ ሲደክማቸው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ይቆማሉ። የእጃቸው ክብደት በየዓመቱ እየቀለለ ሲሄድ ይታወቀኛል።

«እዚህ ላይ ይበቃል ብሎ ጽፏል?» ይሉኛል።

«የለም፣ አባባ። ትንሽ ይጨምሩ ነው የሚለው» እላቸዋለሁ። እስከየት ድረስ እንደሆነ ደብተሩ ላይ አልነበረም። እንዲያው ከራሴ ነው የምናገረው።

እሳቸውም አምነውኝ ይራመዳሉ።