ልጄ የቆጠረችው ትርታ

ልጄን ከትምህርት ቤት ያስወጣኋት ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት ነው። ምክንያቱ ለሰው ሲያወሩት ትንሽ ነው። መምህሯ ሰሌዳው ላይ የደም ሥር ስሎ «ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሰማያዊ ነው» ይላል። እሷ ትነሣና «ቲቸር፣ ሰማያዊ አይደለም፤ ጠቆር ያለ ቀይ ነው» ትለዋለች። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ተንበርክካ አሳለፈች። ሁለት ክፍል ዘልላ ስለገባች የክፍሏ ልጆች ሁሉ በዕድሜ ይበልጧት ነበርና መሳቂያ አደረጓት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሟን ሳለብሳት ታስመልስ ጀመር። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከጅቡቲ መንገድ ላይ ደውሎ «በቃ፣ አንድ መንፈቀ ዓመት ትረፍ» አለኝ። ያ መንፈቀ ዓመት ሁለት ዓመት ሆነ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ በረንዳዬ ላይ ሁለት የስፌት መኪና አለኝ። ክረምቱን ሙሉ የምሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ልብስ ልትወስድ የመጣች እናት ሁሉ «የአንቺዋስ የት ነው የምትማረው?» ትለኛለች። «ቤት» ስላት ፊቷ ላይ የማየውን ነገር እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። አንዷማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ታማ ነው?» አለችኝ።

ሒሳቡንና ቋንቋውን እንደምንም ተወጣሁት። ያስጨነቀኝ የሰው አካል ነበር፤ ልጄ ሌላ ነገር መስማት አትፈልግም። እኔ ደግሞ ባዮሎጂን እየጠላሁ ነው ዐሥረኛ ክፍልን የጨረስኩት። ቁርስ ላይ ዳቦውን አፏ ጋ ታደርስና ትቆማለች።

«እማ፣ ምግቡ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ማነው የሚጠብቀው?»

«እግዚአብሔር ነዋ።»

«እሱማ ነው። በምንድን ነው የሚጠብቀው?»

ስልኬን ሰጥቻት ቪዲዮ ታይ ነበር፤ ግን ከአንዱ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አላውቅም። አንድ ቀን የተከፈተ የሰው ደረት ላይ ዓይኗን ተክላ አገኘኋትና ስልኩን ከእጇ ነጠቅኩ። ከዚያ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አንድ ወፍራም የአናቶሚ መጽሐፍ አመጣሁላት። የሆነ የሕክምና ተማሪ የጨረሰው ነው፤ ገጹ ሁሉ በእስክሪፕቶ ተሠምሮበታል። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታች ታነባለች። ለዕድሜዋ አይሆኑም ያልኳቸውን ገጾች ቀድሜ በክር ሰፋኋቸው። ሳምንት ሳይሞላ አመጣችው።

«እማ፣ ሰውየውን እዚህ ጋ ለምን ሰፋሽው?»

«ስታድጊ እፈታዋለሁ» አልኳት። እያፈርኩ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ራሴ ፈታሁትና አብረን አነበብነው። የፈራሁትን ያህል አልነበረም።

ከዩኒፎርም ከተረፈ ቁርጥራጭ ደግሞ የሰው አካል ሰፋሁላት። አሮጌ አንሶላ ላይ ሳንባው፣ ጨጓራው፣ አንጀቱ በቁልፍ እየተያዘ የሚነሣና የሚመለስ ነው። ጉበቱን ከአረንጓዴ የሹራብ ጨርቅ ሠራሁት። እየኮራሁ ስዘረጋላት ትንሽ አየችውና «ጉበቱ በግራ ሆነ» አለች። መጽሐፉ ጉበት በቀኝ ነው ስለሚል በእኔ ቀኝ አደረግኩት፤ ሰውዬው ፊቱን ወደኛ ማዞሩን ረስቼ ነበር። ቁልፎቹን እየበጣጠሰች በቀኝ በኩል መልሳ ስትሰፋቸው አየኋት። ልጄ ካለሁበት አልፋኝ መሄዷ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ስትሳሳት ማን ያርማታል? ያን ሰሞን እጄ ይንቀጠቀጥ፣ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ያቅተኝ ጀመር። ቀሚሶቼንም ሁለት ጊዜ አጠበብኳቸው። ሐሳብ ነው አልኩ። ላቡን ደግሞ የአዳማ ሙቀት ነው አልኩ።

ቀጥላ እውነተኛ ልብ ማየት አማረኝ አለች። የለመድነው ሥጋ ቤት ልቡን ከሌላው ጋር ቆራርጦ ነው የሚሸጠው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሥጋ ቤት የእስላም ነው፤ ባለቤቱ ከአርሲ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰላምታ እንጂ ግብይት የለንም። ልጄን ይዤ ገባሁና «አባባ፣ ለመብላት አይደለም፣ ለትምህርት ነው» ስላቸው ከት ብለው ሳቁ። በማግሥቱ የበግ ልብ ከነሳንባውና ከነጉሮሮው ሳይነጠል አዘጋጅተው ጠበቁን። ጉሮሮው ላይ አፋቸውን ገጥመው ሲነፉበት ሳንባው ተነፋ። ልጄ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ኢንታለ ኮ» አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ነይ፣ በጣትሽ እዚህ ግቢ።» ጣቷን ልቡ ውስጥ ከተተችና በሩን አገኘችው። በአንድ በኩል የሚከፈት፣ በሌላ በኩል የሚዘጋ። ከሱቁ ስንወጣ ጎረቤቶቼ ዘንቢሌን ሲያዩ ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ግን ልጄን እንደ ያን ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ቀጥሎ የመጣው ትርታ መቁጠር ነው። የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አሳርፎ፣ ሰዓት እያዩ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ። የአከራያችንን ቆጠረች፣ የጥበቃውን ቆጠረች፣ አባቷ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ያዘችው። ሁሉንም ደብተር ላይ ትጽፋለች። የኔን የቆጠረችው ጠዋት፣ የስፌት መኪናው ጋ ሳልቀመጥ ነው። ጨርሳ ሰዓቱን እንደገና አየች።

«ስንት ሆነ?»

«ድጋሚ ልቁጠር።»

ሦስቴ ቆጠረች። «መቶ ዐሥራ ስምንት» አለች። «ደግሞ አንዳንዴ ይዘላል።»

«ስለምሠራ ነው፤ ሥራ ያሮጠዋል።»

«ገና አልጀመርሽም እኮ እማ።»

ሳቅኩና ነገሩን አለፍኩት። እሷ አላለፈችውም። ምሳ ስሠራ፣ ልብስ ስዘረጋ፣ ጸሎት ላይ ዓይኔን ስጨፍን እንኳ ሁለት ትንንሽ ጣቶች አንጓዬ ላይ ያርፋሉ። መጽሐፏን ትታ ዙሪያዬን መሽከርከር ያዘች። ሱቅ ብልካት «አብረን እንሂድ» ትላለች። ምግብ ቀነሰች። ዩኒፎርም ስታይ የነበራት ያ ፊት ተመለሰባት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት አልኩ፤ የልጅ ትከሻ የማይችለውን ጭኜባት ነው። መጽሐፉን ወስጄ ቁም ሣጥን ላይ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ደበቅኩት።

ምንም አልጠቀመም። በሳምንቱ የቆጠራ ደብተሯን ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። ሌላው ሰው ሁሉ አንድ አንድ መስመር ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ገጾች «እማ፣ እማ፣ እማ» ናቸው፤ እያንዳንዱ አጠገብ ቁጥር። ደብተሩን እንደያዝኩ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ትሞቻለሽ?» አለችኝ።

«ኧረ አልሞትም፣ የኔ ልጅ!»

«በምን አወቅሽ? ሳትቆጥሪው?»

በማግሥቱ ክሊኒክ ሄድን። ብቻዬን ልሄድ ነበር፤ እሷ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። «ምን ይሰማዎታል?» ስትለኝ «እኔስ ደኅና ነኝ፤ ልጄ ናት ያመጣችኝ» አልኩ። ልጄ ደብተሩን ዘረጋችላት። ሐኪሟ አንዱን ገጽ አነበበች፣ ገለጠች፣ ሁለተኛውንም አነበበች። ከዚያ እጄን ወደፊት ዘርግቼ ጣቶቼን እንድከፍት አዘዘችኝ። ተንቀጠቀጡ። አንገቴን ዳሰሰችና ምራቅ ይዋጡ አለችኝ። ደረቴ ላይ ሽቦ አድርገው የልቤን ምት አነሡ፤ ደምም ሰጠሁ።

የደሙ ውጤት እስኪመጣ ሁለት ቀን ጠበቅን። ለባለቤቴ ደውዬ ሚሌ ላይ አገኘሁትና «እኔ አንድ ነገር ብሆን ትምህርት ቤት መልሳት» አልኩት። «ዝም በይ» አለኝ፤ ቀጥሎ ግን ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።

ችግሩ አንገት ላይ ያለው የእንቅርት ዕጢ ነው። «ከሚገባው በላይ እየሠራ ነው» አለችኝ ሐኪሟ፤ «ልብን የሚያስሮጠው፣ እጅ የሚያንቀጠቅጠው፣ የሚያከሳው፣ የሚያስጨንቀው እሱ ነው። መድኃኒት አለው። ግን ቢቆይ ልብዎን ይጎዳው ነበር።»

«የሚያስጨንቀው?» አልኳት።

«አዎ፣ ጭንቀትም ያመጣል።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄን እያየሁ የፈራሁት ፍርሃት፣ ስንቱ የኔ ነው፣ ስንቱ የዕጢው ነው? ሐኪሟ ወደ ልጄ ዞራ «የት ነው የምትማሪው?» ስትላት አንገቴን ደፋሁ። «ቤት። እማ ናት የምታስተምረኝ» አለች። ሐኪሟ ወረቀት አወጣችና አንገት ስላ፣ ቢራቢሮ የሚመስለውን ዕጢ አሳየቻት። ስለ ትምህርት ቤት የተናገረችው ሌላ ነገር የለም።

መድኃኒቱን ከጀመርኩ በሁለተኛው ወር ትርታዬ ወደ ሰማንያ ወረደ፤ ክርም ማስገባት ቻልኩ። ጭንቀቱ ግን ሁሉም አልሄደም። ስለ ፈተናዋ አስባለሁ፤ የትኛው ትምህርት ቤት እንደ ግል ተፈታኝ እንደሚመዘግባት ገና አላወቅኩም። ያ እንግዲህ የራሴ ነው።

ልጄ ግን መቁጠር አቆመች። መጽሐፉን ከቁም ሣጥኑ አውርጄ ጠረጴዛዋ ላይ ባስቀምጠውም አልነካችውም። አንድ ወር ያህል የምታነበው ተረት ብቻ ነበር። አላስገደድኳትም፤ ግን በራሷ ፈርታ መቅረቷ ከነከነኝ።

አንድ እሑድ ባለቤቴ ከጉዞ ተመልሶ ዓሣ ልንበላ ቆቃ ወሰደን። ውኃው ዳር አንዲት ሴት በቢላ ዓሣ ታጸዳለች። ልጄ አባቷን ለቅቃ ሄዳ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ባለቤቴ ሊጠራት ሲል እጁን ያዝኩት።

«ልቡ የት ነው?» ስትላት ሰማሁ።

«የዓሣ?» ሴትዮዋ ሳቀች። «እዚህ ነው፣ ከስንጥቡ፣ ከሚተነፍስበት ሥር። ነይ እዪ፤ ገና ይመታል።»

ልጄ ጎንበስ ብላ አየች። እጇን ግን አልዘረጋችም፤ ጉልበቷ ላይ ጭብጥ አድርጋ ይዛዋለች። ዞር ብላ ወደ እኔ አየች፤ ቆይታም አየችኝ። ፈገግ ለማለት ሞከርኩ። ከዚያ ሴትዮዋን «አንዱን ሳትከፍቺው ለእኔ ትሰጪኛለሽ? እኔ ራሴ ልክፈተው» አለቻት።