የጋዲሴ ወንበሮች

ጋዲሴ አምቦ ውስጥ ድንኳንና ወንበር ታከራያለች። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ሰፈር ሙሽራውም ለቀስተኛውም የተቀመጠው በእሷ ወንበር ነው። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አንዲት ቀጭን ወጣት ሱቋ መጥታ ለቅዳሜ አሥራ ሁለት ወንበር እፈልጋለሁ ስትላት፣ እንደ ወትሮዋ ሠርግ ነው ለቅሶ ብላ ጠየቀቻት።

ሁለቱም አልነበረም። ወጣቷ ናኦሚ ትባላለች። ከአዲስ አበባ መጥታ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ስትሆን፣ ከጓደኞቿ ጋር የሴቶች የክዋኔ ጥበብ ስብስብ መሥርታለች። ክዋኔ ጥበብ ምን እንደሆነ ለጋዲሴ ሩብ ሰዓት ሙሉ አስረዳቻት። የሴት ሥራ የማይታየው ስለማይቋረጥ ነው፣ ሲቆም ግን ይታያል፣ አለቻት። ጋዲሴ ከዚያ ሁሉ የያዘችው፣ አሥራ ሁለት ሴቶች ገበያ ዳር ሦስት ሰዓት ሙሉ ምንም ሳይሠሩ፣ ምንም ሳይናገሩ እንደሚቀመጡ ብቻ ነው። ያሳሰባት ሌላ ነገር ነበር። ገበያ መሃል ወንበር እግር ያወጣል። ራሷ ሄዳ ልትጠብቅ ወሰነች።

ቅዳሜ አሥራ አንዱ ሴቶች መጡ። አሥራ ሁለተኛዋ፣ ምኞት የምትባል የባንክ ሠራተኛ፣ ባሏ ድንገት እንግዳ ስለጠራባት ምሳ ልትሠራ ቀረች። ናኦሚ ባዶውን ወንበር አየች፤ ቀጥላ ጋዲሴን አየች። ዝም ብለው ቢቀመጡልን ብላ ለመነቻት። ጋዲሴም ሽርጧን ሳትፈታ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ሰዉ እያየ አለፈ። ቆየት ብሎ አንዲት ጎመን የታቀፈች ሴት ከመጨረሻው ወንበር ኋላ ቆመች። አሥራ ሁለት ሴት በፀሐይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ከዘይት ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ከእሷ ኋላ ሌላ ሴት ቆመች፤ ከዚያች ኋላ ሌላ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰልፉ እስከ ጫማ ተራ ደረሰ። ጀሪካን ለማምጣት ወደ ቤታቸው የሮጡም ነበሩ።

የቀበሌው ሹም ኦቦ ዳዲ እያለከለኩ መጡና ይህ ሰልፍ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ሰልፍ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጎመን የታቀፈችው ሴት አዎ ሰልፍ ነው ብላ መለሰችላቸውና በየት በኩል እንደሚታደል ጠየቀቻቸው። ናኦሚ ስለ ጥበብ ማብራራት ስትጀምር ሹሙ የሚያውቁት ፊት ፈለጉ።

“አዴ ጋዲሴ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?”

“ተቀምጠናል።”

“ለምን?”

ናኦሚ ያስረዳቻት ሁሉ ከጋዲሴ ጭንቅላት ጠፋ። “ደክሞን ነው፣ ኦቦ ዳዲ” አለች።

ለድካም ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ስለሌለ ሹሙ ትተዋቸው ሄዱ። ዘይት እንደሌለ ሲሰማ ግማሹ ሰልፍ እያጉረመረመ ተበተነ። የቀሩት ሴቶች ግን፣ ከወጣን አይቀር ብለው፣ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ስድሳ ያህል ይሆናሉ። ስብስቡ ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ተሳታፊ አግኝቶ አያውቅም። ሦስተኛው ሰዓት ላይ የጋዲሴ ዕንባ ሳታስበው ወረደ። ናኦሚ ስትጠይቃት ፀሐዩ ነው አለቻት።

ቤቷ ስትደርስ ወሬው ቀድሟታል። ጡረታ የወጣው ሹፌር ባሏ ኦቦ ጃርሶ በር ላይ ቆሞ እየጠበቃት ነበር። “ዘይቱስ?” አላት።

ከዚያ በኋላ ስብስቡ ጉደርም ጊንጪም ሲሄድ ጋዲሴ አልቀረችም። ለምን ትሄጃለሽ ሲሏት፣ ለወንበሮቼ ነው ትላለች።

የካቲት ላይ የሴቶች ቀን ሲከበር በዓሉን ያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ስብስቡን አዳራሽ ጋበዘው። መድረኩ ላይ ሊቀመጡ፣ ሕዝቡም ሊያያቸው። ወንበሩ ሁሉ የተከራየው ከጋዲሴ ነው። ይሁንና እንግዳው ከታሰበው በላይ ሆነ። አንድ ባለ ከረባት አስተባባሪ መጥቶ፣ እናንተ የቤት ሰዎች ናችሁ ብሎ አሥራ ሁለቱን ወንበሮች ለወንዶቹ እንግዶች ወሰደ። በመቀመጥ የታወቁት ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ስለ ሴቶች የሥራ ጫና የተዘጋጀው ንግግር አንድ ሰዓት ፈጀ። መሃል ላይ አስተባባሪው ተመልሶ፣ ምሳው ሲቀርብ እንዲያስተናግዱ በትሕትና ጠየቃቸው። ናኦሚ ለማን አቤት እንደምትል ግራ ገባት።

ጋዲሴ ግን ሥራዋን ታውቃለች። ወደ ፊተኛው ረድፍ ሄዳ ለአንድ ወፍራም እንግዳ ጎንበስ አለች።

“ይቅርታ ጌታዬ፣ ወንበሩ የእኔ ነው። ልወስደው ነው።”

ሰውዬው ግራ ተጋብቶ ተነሣ። ቀጥሎ ያለውም ተነሣ። ሠርግ ሲያበቃ እንደምታደርገው ወንበሮቹን እያነባበረች አሥራ ሁለቱን መድረክ ላይ አወጣች፤ ሴቶቹም ተቀመጡ። ተናጋሪው ወረቀቱን አጥፎ ገለል አለ። ጋዲሴ ምን እንዳደረገች የገባት ያኔ ነው። አዳራሹም የትርዒቱ ክፍል መስሎት ቆሞ አጨበጨበ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨቡት ወንበር የተነጠቁት እንግዶች ናቸው።

የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ላይ “አስተማሪ ትርዒት በስኬት ቀርቧል” ተብሎ ተጻፈ። ያ መሥሪያ ቤት ግን ከዚያ ወዲህ ወንበር የሚከራየው ከሌላ ሰው ነው። ጋዲሴ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣች፤ ደንበኛ በማጣቷ ብቻ ሳይሆን፣ ያንን ቀን ደጋግማ ስታስበው ደስ ስለሚላት።

በዓመቱ ኮሮና መጣ፤ ሠርጉም ትርዒቱም ቆመ። ናኦሚ ለትምህርት ወደ ውጭ ሄደች። እዚያ በጻፈችው ጥናት ጋዲሴን “የስብስቡ መሥራችና ዋና ንድፈ ሐሳብ አመንጪ” ብላታለች። ምኞት ወደ አማርኛ መልሳ ስታነብላት ጋዲሴ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት፤ ከዚያ እኔ እኮ የሄድኩት ወንበር ልጠብቅ ነው አለች።

ዛሬ ከስብስቡ የቀሩት አምስት ሴቶች ናቸው። ምኞት አሁን አትቀርም፤ ባሏ እንግዳ ሲጠራ ምሳውን ራሱ ይሥራ ብላለች፣ እሱም እንግዳ መጥራት ትቷል። በወር አንድ እሑድ ጋዲሴ መጋዘን ተሰብስበው በሚቀጥለው ትርዒት ይከራከራሉ። ኦቦ ጃርሶ ድንኳኑን ይሸከማል፣ ወንበር ይጭናል፤ ለጠየቀው ሁሉ የስብስቡ ሥራ አስኪያጅ ነኝ ይላል። ጋዲሴ ትሰማዋለች። ድንኳኑ ከባድ ስለሆነ አታርመውም።