የአክስቴ ገብስ ሻጋታ

ይህ ታሪክ መነገር ይገባው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ስለ ሻጋታ ማን መስማት ይፈልጋል? ግን የልጅ ልጄ ደብተሩን በላጲስ ሲፈትግ ያ የጎማ ሽታ አፍንጫዬ ይገባል፤ ንዴቴም እንደ አዲስ ይነሳል።

ጎንደር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። መምህር ደስ ይበለው ብዬ የማልሆነው አልነበረም። በግንቦት፣ ባሏ የሞተባት አክስቴ ከወገራ በጭነት ማኪና መጣች። የገብስ ጉድጓዷ ውሃ ገብቶበት ኖሮ የሻገተውን ፍሬ በጨርቅ ቋጥራ አመጣችልኝ።

«አንተ ተምረሃል የኔ ሸጋ። ለበሬዎቼ ልስጠው ወይስ ልድፋው? ሣር የለም፤ እርሻውም ደርሷል።»

ያሏት ሁለቱ በሬዎች ብቻ ነበሩ።

በማግስቱ ፍሬውን ክፍል ይዤ ገባሁ። ከጃንሆይ ሥዕል ሥር፣ በመስኮቱ ብርሃን፣ በማይክሮስኮፕ አየሁት። የዳቦ ሻጋታ ዘሩን በትንሽ ከረጢት ውስጥ እንደሚይዝ መጽሐፋችን ያሳያል። የኔው ከረጢት አልነበረውም፤ ዘሩ እንደ መቁጠሪያ ተቀጣጥሎ ከጫፉ ወጥቷል። አንድ በአንድ ሣልኩት።

መምህራችን በትከሻዬ በኩል ደብተሬን አየ። «ምንድነው ይሄ?»

«ያየሁት ነው፣ ጌታዬ።»

«የዳቦ ሻጋታ ነው! መቁጠሪያውን ለንስሐ አባትህ ውሰድላቸው።»

ክፍሉ በሳቅ አወካ። ማይክሮስኮፑን ግን ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየም! እኔስ? «እባክዎ ይዩት» ማለት አቅቶኝ ላጲሴን አወጣሁ። ያየሁትን አጥፍቼ ያላየሁትን ከረጢት ሣልኩ፤ ከሥሩም «የዳቦ ሻጋታ» ብዬ ጻፍኩ። ከአሥር አሥር አገኘሁ። ደስ ብሎኝም ነበር፤ ዛሬ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አክስቴ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። «ዳቦ ላይ የሚወጣው ዓይነት ነው፤ ምንም አይልም» አልኳት።

ቋጠሮውን ፈትታ አሸተተች። «እኔስ ሽታው አላማረኝም።»

«መምህሩ ነው ያለው እኮ፣ እቴቴ!» ብዬ ተቆጣኋት። እኔ፣ እሷን!

ትምህርት ተዘግቶ ወገራ ስወጣ አንዱ በሬ ሞቶ ደረስኩ። ሌላው በረት ውስጥ እያቃሰተ ተኝቷል፤ ግንባሩን ስነካው እንኳ ዓይኑን አልገለጠም። ላጲሱን፣ ሥዕሉን፣ ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኳት።

«ምነው፣ አንተ ምን ታደርግ? የነገሩህን ነገርከኝ» አለችና በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። ምናለ በረገመችኝ!

ያ ሁለተኛው በሬ የሞተው በሥላሴ ዕለት፣ ሐምሌ ሰባት ቀን 1951 ዓ.ም. ነው።